ለየካ አባዶ ጎረቤቶቼ፦ ስህተቴን ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ

ለብሎካችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንዴት ሰነበታችሁ? «ጥሩምባ»ን ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሦስት ሳምንት ታግሳችሁኛል። ለማያውቁት፣ ጥሩምባ እቤቴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት የመልእክት መላላኪያ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው አሮጌ ላፕቶፔ መልእክቱን ተቀብሎ በዋይፋይ ለሁላችሁም ያድላል። የሠራሁት ለእድራችን ብዬ ነው። ስሙንም የወሰድኩት ድሮ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ሌሊት ከሚነፋው ጥሩምባ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት «ጎበዝ»፣ «በርታ»፣ «ተባረክ» ብቻ ነበር። ደስ ይላል። ግን በ«ተባረክ» የሚስተካከል ኮድ የለም። (ከመራቂዎቹ አንዳንዶቹ ፕሮግራሙን ጭራሽ አልከፈቱትም። ላፕቶፑ ይነግረኛል።)

ከዚያ የእድሩ ስብሰባ ደረሰ። ረዘም ያለ ማስታወቂያ ላክሁ። መጨረሻው ላይ «ሁላችሁም ወንበር አምጡ» ይላል። እናንተ ጋ የደረሰው ግን «ሁላችሁም ወንበር ምጡ» ሆኖ ነው። ያን እሑድ ብዙው ሰው ቆሞ ተሰበሰበ። የቀረው ደግሞ «ወንበሩ ምጥ ያዘው እንዴ?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። የምገባበት ጠፋኝ።

ሁለት ሌሊት ፈልጌ ስህተቱን አጣሁት። የምሞክረው «ሰላም፣ ሰላም» እያልኩ ስለነበር ሁሉም ደህና ነው። ያገኘችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ጎረቤቴ ናት። «ጋሼ፣ አጭር ሲሆን አይበላሽም። ረጅሙም በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ አይበላሽም» አለችኝ።

በቃ፣ ያኔ ገባኝ። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት (ኮምፒውተር ውስጥ የቦታ መለኪያ ነው) ይይዛል፤ «አ» ግን 3 ባይት ትይዛለች። የእኔ ፕሮግራም መልእክቱን በ1024 ባይት እየቆረጠ ነበር የሚያነበው። 1024 ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ ቢላው ፊደሉ መሀል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ቀን ያረፈው በ«አምጡ» አ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ግማሽ ፊደል ሲያይ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይጥለዋል። በቃላት መሀል ያለው ክፍት ቦታ 1 ባይት ስለሆነ ቢላው አንዴ ፊደሉን ይስታል፣ አንዴ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ችግሩ አንዳንዴ ብቻ የሚታየው። (የሞባይል አጭር መልእክትም በፊደላችን ይጎዳል። በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው።) አሁን ፕሮግራሙ መልእክቱን ሙሉ በሙሉ ሳይሰበስብ አያነብም። ልጄ፣ ስሜን እንዳትጠራ ስላልሽኝ አልጠራሁም። ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንደኛ ፎቅ ያሉት አባባ ደግሞ «15 ሰዓት የሚባል ሰዓት ከየት መጣ?» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩ እንደሚቆጥረው ትቼው ነበር። አሁን 6 ሰዓት ቀንሶ 9 ሰዓት ይላል።

እማማ ደግሞ «ሐዘን» ብለው ፈልገው ያጡት መልእክቱ ላይ «ሀዘን» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። አሁን ሲፈለግ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ሰና ሠም፣ አና ዐም፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይቀመጣል። እማማ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆኑ በዚህ አይደራደሩም።

መብራት ሲሄድ ራውተሩ አብሮ እንዳይጠፋ ከሱቁ ባትሪ አምጥቶ የገጠመልኝ ወንድሜንም አመሰግናለሁ። ሒሳብ ስጠይቀው «ሂድ ወደዚያ» ነው ያለኝ።

የከበደኝ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው፦ «የምንጻጻፈውን አንተ ታየዋለህ?» አዎ፣ ላየው እችላለሁ። ሁሉም ላፕቶፑ ላይ በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው። ከፍቼ አላነበብኩም። ግን የእኔን ቃል ብቻ አምናችሁ መቀመጥ የለባችሁም። መቆለፊያውን እየሠራሁ ነው። እስከዚያ የቤት ገመናና የባንክ ነገር አትላኩበት። እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ እንደምቆይ እንጃ።

አሁንም እፈልጋችኋለሁ። ግድግዳችን ኮንክሪት ስለሆነ ዋይፋዩ የማይደርስበት ክፍል ካለ የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ። ስልካችሁ አሮጌ ከሆነ በተለይ እናንተ ሞክሩልኝ። ፊደል ከጠፋ፣ መልእክት ሁለት ጊዜ ከመጣ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ግራ ከገባችሁ፣ ሳትሳቀቁ ንገሩኝ። በጥሩምባ መላክ ትችላላችሁ። ጥሩምባው ራሱ እምቢ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታችሁ በሬን አንኳኩ። ቡና ይፈላል።