ሚሚዬ፣ በሚመጣው ሰመር አልበከርኪ እንሂድ

ሚሚዬ፣ እንዴት ነሽ? ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ፍልሰታን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትውለው፣ እኔ እንደምታውቂው መንገድ ላይ ነኝ። ቴክስት ላደርግልሽ ጀምሬ ረዘመብኝና ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ነገሩ ስለ ቤዝቦል ነው። አዎ፣ አባትሽ ነኝ። አትሳቂ።

ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ላይ የመንዳት ሰዓቴ አለቀና 34 ሰዓት ሪሴት፣ ማለትም ሕጉ የሚያዘውን እረፍት፣ መውሰድ ነበረብኝ። ትራክ ስቶፕ ውስጥ ተጋድሜ ስልክ ስነካካ ከምውል ብዬ ትራኩን አቁሜ በኡበር ኳስ ሜዳ ሄድኩ። ኢሶቶፕስ ፓርክ ይባላል፣ ከኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ስታዲየም አጠገብ ነው። የቡድኑ ስም ራሱ ያስቃል። ልጅ ሆነሽ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳም የምትይበት ሲምፕሰንስ የሚባለው ካርቱን ላይ፣ በ2001 በወጣ አንድ ክፍል፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ የሆመር ከተማ ቡድን በድብቅ ወደ አልበከርኪ ሊዛወር ሲል ሆመር የረሃብ አድማ ይመታል። የዚያ ቡድን ስም ነው ኢሶቶፕስ። በኋላ ከተማው የምር ቡድን ሲያገኝና ሕዝቡ ስም ምረጥ ሲባል ያንኑ መረጠላችኋ! በ2003 መጫወት ጀመሩ። የሆመር ሐውልት እዚያው ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሰው ሁሉ አጠገቡ እየተቀመጠ ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነስቼ ለእናትሽ ላክሁላት። "ይሄ መላጣ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይሄ ሊግ ትሪፕል ኤ የሚሉት ነው፣ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው። ቡድኑ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የሮኪስ፣ ማለትም የራሳችን የዴንቨር ቡድን ተጠባባቂ ነው። ዴንቨር ላይ ሰው ሲጎድል ከዚህ ይጠራል፣ የተጎዳ ሲያገግም እዚህ መጥቶ ይሞክራል፣ አልሆነልህም የተባለም እዚህ ይመለሳል። እነሱ በአውሮፕላን ይመላለሱበታል እንጂ መንገዱ የኔው አይ-25 ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ትልቁን ሊግ ቀምሰው የወረዱ፣ አንዳንዶቹ ነገ ስልክ ይደወልልኝ ይሆን እያሉ የሚያድሩ ናቸው። ይሄን ካወቅሽ በኋላ ጨዋታው ሌላ ነው። አንዱ ልጅ ኳሷን ስቶ ሲወጣ ፊቱን ብታዪው! እኔ ከሱ ብሼ አጠገቤ ያሉትን ሰዎች "ምን አለበት ወጣት ነው" ስላቸው ነበር።

ፊቱን ደግሞ አየሁት እኮ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። የሮኪስ ሜዳ ኩርስ ፊልድ ስንሄድ ያቺ ወይን ጠጅ ወንበሮች የተደረደሩባት ረድፍ ትዝ ትልሻለች? ከባሕር ወለል ልክ አንድ ማይል ላይ ናት ብለሽ ያስተማርሽኝ? ኪሳችን የሚችለው ከእሷም በላይ ነበርና ተጫዋቹ ጉንዳን አክሎ ነው የሚታየን፣ እኔም እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። እዚህ ግን ብዙ ሳላወጣ ቅርብ ተቀመጥኩ። ኳሷ የካቸሩ፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ የሚቀልባት ተጫዋች፣ ጓንት ውስጥ ስትገባ እንዴት እንደምትጮህ! መቺው ለብቻው ሲያጉረመርም ይሰማል። ደግሞ ምን አየሁ መሰለሽ፣ አምፓየሩ፣ ማለት ዳኛው፣ የፈረደውን ያልተቀበለ ተጫዋች ቆቡን በእጁ መታ ያደርጋል፣ ወዲያው ትልቁ ስክሪን ላይ የኳሷ መንገድ ይመጣል፣ መቺው ሊመታት በሚገባው ክልል ውስጥ ገባች አልገባች በካሜራ ይለያል። ሕዝቡ እስኪታይ ድረስ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ቫር በይው፣ ግን አምስት ደቂቃ የሚያናድድሽ ዓይነት ቫር አይደለም፣ በሰከንዶች ያልቃል። አምፓየሩ ሲሸነፍ የሚወጣው ጩኸት ለጎልም አይወጣ።

ምግቡን ልንገርሽ። ነሐሴ እዚህ አገር የቃሪያ ወር ነው። ሃች ከሚባለው ከደቡቡ ሸለቆ በጆንያ እየመጣ ሱቆች ደጅ ላይ፣ ከሽቦ በተሠራ በርሜል ውስጥ እየዞረ በጋዝ እሳት ይጠበሳል። ልጣጩ ጠቁሮ ሲፈነዳ ሽታው መንገዱን ሁሉ ይይዘዋል፣ ኡበሩ ውስጥ መስኮት ከፍቼ ነው የሄድኩት። ቃሪያና በርበሬም ወደኛ የገባው ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ነውና ዘመድ ቤት የመጣሁ ነው የመሰለኝ። ሜዳው ውስጥ ሁሉም የሚበላው በርገር ላይ አይብ፣ አይቡ ላይ ይሄው ቃሪያ የተጫነበትን ነው። እኔ ደግሞ ጾመኛ! መስኮቷ ጋ ላለችው ሴትዮ ሥጋ የሌለበት፣ አይብ የሌለበት፣ ክሬም የሌለበት አልኳት። ቪጋን ነህ? አለችኝ። አይ፣ ጾም ነው አልኳት። "ጾሙ እኮ በፋሲካ አለቀ" አለች፣ ካቶሊክ ናት ማለት ነው። የማርያም ነው ስላት ፊቷ ተለወጠ፣ ቦሎቄውን በቶርቲያ ጠቅልላ ስለ ቃሪያው "ቀይ ወይስ አረንጓዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ጥያቄ የክፍለ ሀገሩ ሕጋዊ ጥያቄ ነው፣ ምክር ቤቱ አጽድቆታል፣ ቀልድ አይምሰልሽ። ሁለቱንም የሚፈልግ "ክሪስማስ" ይላል። እኔ አረንጓዴ አልኩና ከልቧ ጨመረችልኝ። ያቃጥላል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ኧረ ተይኝ እቴ! ጥሩ ነው፣ ይጣፍጣል፣ የጭሱ ነገር ልዩ ነው፣ ግን የእናትሽን ዳጣ ለቀመሰ ሰው ማቃጠል የሚባል አይደለም።

ከሜዳው የሚታየው ተራራ ሳንዲያ ይባላል፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ማለት ከእንጦጦ ጋር ይቀራረባል። ግን አዲስ አበባ ራሷ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች እንጦጦ ከታች ሲያዩት ኮረብታ ነገር ነው። አልበከርኪ ከ1,500 ሜትር ብዙም ስለማትበልጥ ይሄኛው ፊትሽ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነው። ገደሉ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የመጨረሻው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል፣ ድንጋዩም ራሱ ቀላ ያለ ግራናይት ነው። ጨዋታው ሲጀምር ግራጫ ነበር። አራተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም ከዘጠኙ ዙር አራተኛው፣ ላይ ቀና ስል ሮዝ ሆኗል! የሚገርመው የአገሩ ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ለምደውታል። እኔ አንድ ሆምረን፣ ኳሷ አጥሩን አልፋ የምትሄድበት ምት፣ አመለጠኝ በሱ ምክንያት። ሆምረን ደግሞ እዚያ ብርቅ አይደለም፣ አየሩ ስስ ነውና ኳሷ ከተመታች አትቆምም፣ እንደኛው ዴንቨር።

ማን እንዳሸነፈ አትጠይቂኝ፣ ስምንተኛው ላይ ነው የወጣሁት፣ ሌሊት መነሳት ነበረብኝ።

እና ሐሳቤ ይሄ ነው። ወቅቱ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ለእረፍት ስትመጪ አብረን እንውረድ። በትራኩ ከሆነ ካምፓኒው ለተሳፋሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እሱን እኔ አስጨርሳለሁ። በቤት መኪና ከሆነ እናትሽም ትመጣለች፣ ግን ያው ምሳ ካልቋጠርኩ ትላለች፣ ሜዳው ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅድ እንደሆነ አንቺ ስልክሽ ላይ እይልን። ከቀኝ በኩል ማዶ ሳር የለበሰ ዳገት አለ፣ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ የምትቀመጪበት፣ ትኬቱም ርካሽ ነው፣ የኔን ጋቢ ይዘን እንሄዳለን። ከፍልሰታ በፊት ይሁን ብቻ፣ ያንን በርገር በዓይኔ ብቻ ነው የበላሁት።

አሁን ፊኒክስ የሚሄድ ሎድ ይዣለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ፣ ስልክሽን አንሺ።

አባትሽ