መሣሪያው የሚቆጥበው ሰዓት ለልጆቹ እንዲመለስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የትምህርት ወዳጆች፤

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለው፣ ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ አይግባ ስንል ልጆቻችን በስልካቸው ቀድመውን ገብተውበታል። ስለዚህ ኮሚቴያችንን የሚያሳስበው ፕሮግራሙ ከመምህሩ ትከሻ የሚያቀልለው ሰዓት ለምን ይውላል የሚለው ነው።

አንዲት ተማሪ ግማሽና ሲሶን ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች እንበል። ፕሮግራሙ መልሱ አምስት ስድስተኛ መሆኑን ደረጃ በደረጃ ያሳያታል፤ ይህም ቀላል እርዳታ አይደለም። ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ መፋቋን፣ እጇን ለማውጣት ጀምራ መመለሷን የሚያየው ግን መምህሯ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ወረቀት ለስድስት አጥፎ፣ ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት ክፋይ መሆኑን በገዛ ጣቷ ሲያስቆጥራት ስሌቱ ይገባታል፤ ለመጠየቅም ትደፍራለች።

ስጋታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም የሰዎችን ቃል ገልብጦ ከመጠየቅ ብዙም የማያልፍ ነበር፤ ሆኖም አዋቂዎች ሳይቀሩ የልባቸውን ሲያወሩት ዋይዘንባም ራሱ አይቶ ደንግጧል። የዛሬዎቹማ እጅግ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ የተሳሳተውንም በእርግጠኝነት ይናገራሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍል ውስጥ ለሚጠቀሙባቸው ተማሪዎች ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ዓመት እንዲሆን መክሯል።

በጀመርነው የጋራ ፕሮጀክት፣ መምህራን ፕሮግራሙን ለመልመጃ ዝግጅትና ለእርማት ረቂቅ ይጠቀሙበታል፤ የተማሪ ስምና የግል መረጃ አያስገቡም፤ ውጤትም ራሳቸው ሳያረጋግጡ አይሰጡም። በዚህ የተረፈው ጊዜ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገርበት ይሆናል። ካልተጻፈ በሌላ ሥራ እንደሚዋጥ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የምትለግሱት ገንዘብ አስቀድሞ ለመምህራን ሥልጠና፣ ቀጥሎ በጋራ ለሚያገለግሉ ኮምፒውተሮችና ለኢንተርኔት ክፍያ ይውላል። ገንዘብ ያልተመቻችሁ፣ በደንብ የሚሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ብትሰጡን፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራንም በሳምንት አንድ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ብትቀመጡልን ውለታችሁ ትልቅ ነው። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ እንሰጣለን፤ የወጪ ሒሳቡንም በየሴሚስተሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ እናቀርባለን። ለመርዳት የምትፈቅዱ ሁሉ ቀጣዩ የሥልጠና ዙር ሳይጀመር በኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ዘንድ እንድትመዘገቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።