የቡላ ሆድ ማረፍ የለበትም

እማዬ፣

የሐኪሙን ወረቀት በላክሽልኝ ፎቶ አየሁት፣ መድኃኒቶቹንም አየኋቸው። መብላት ያቆመው ጊኒ ፒግሽ ቡላ ራጅ መነሳቱና አንጀቱ እንዳልተዘጋ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው፣ ተመስገን። አሁን የቀረው ሥራ ያንቺ ነው፣ ሥራውም ማብላት ነው። በስልክ እያለቀስሽ ስለነበር ያልኩሽን ሁሉ የሰማሽኝ አልመሰለኝም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ሌሊት ስትነሺ ከፍተሽ ታነቢዋለሽ።

"ትንሽ ይረፍ፣ ሲርበው ራሱ ይበላል" ያልሽው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኛል፣ ከኛው ቤት ነው። እኛ ጋ ሆዱን ያመመው ሰው ምግብ ይቀነስለታል፣ ትንሽ አጥሚት ወይ ሻይ ይሰጠውና ሆዱ ይረፍ ይባላል። አያትሽም እኛን ያሳደገችው እንደዚያ ነው። ለጊኒ ፒግ ግን ይሄ ፈጽሞ አይሆንም፣ እንዲያውም ብዙዎቹን የሚገድላቸው እሱ ነው። የጊኒ ፒግ ሆድ ካረፈ ይቆማል። አንዴ ከቆመ ደግሞ መልሶ ማስነሳት በጣም ከባድ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ጊኒ ፒግ የሚኖረው በሣር ነው፣ ሣሩን የሚያብላላለት ግን ጨጓራው አይደለም። ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ሰፊ ከረጢት አለው። እዚያ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ሣሩን እንደ ሊጥ እያቦኩ ወደ ምግብ የሚቀይሩለት። አንጀቱን የሚገፋውና የሚያንቀሳቅሰውም የሣሩ አሰር ነው። ከላይ አዲስ ሣር ካልገባ አንጀቱ ይዘገያል፣ ውስጡ ያለው ይደርቃል፣ ጋዝ ይጠራቀማል፣ ጋዙ ያመዋል፣ ሲያመው ደግሞ ጭራሽ መብላት ይተዋል፣ እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይሄዳል። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ሲያልቁ መርዝ የሚያመነጩት ቦታውን ይይዙታል። ሰውነቱም ከራሱ ስብ መብላት ይጀምርና ስቡ ጉበቱ ላይ ይከማቻል። ይሄ ሁሉ የቀናት ጉዳይ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ምንም ያልበላ ጊኒ ፒግ ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው፣ ለሰኞ ቀጠሮ የሚያዝለት አይደለም። አንቺ ቅዳሜ ማታ ይዘሽው መሮጥሽ ትክክል ነበር፣ እኮራብሻለሁ።

አሁን ወደ ማብላቱ። ሐኪሙ የሰጠሽ ዱቄት ከድርቆሽ የተሠራ የሕሙማን ምግብ ነው። በቀን ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚገባው በክብደቱ አስልቶ ጽፎልሻል፣ በዚያው ሂጂ። በአንዴ ብዙ ከመስጠት ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል፣ ሌሊትም ጭምር። ለብ ባለ ውኃ በጥብጪው። ወፍራም ከሆነ ሲሪንጁን ይዘጋዋል፣ ከቀጠነ ደግሞ ሆዱን በውኃ ትሞዪበታለሽ። የተረፈውን ለሚቀጥለው ሰዓት ብለሽ ውጭ አታቆይው፣ ድፊውና አዲስ በጥብጪ።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻውን ስጪው፣ እስኪሠራለት ትንሽ ጠብቂ፣ ከዚያ ምግቡን አምጪ። እያመመው ልታበዪው ብትሞክሪ አፉን ይዘጋብሻል፣ ሁለታችሁም ትናደዳላችሁ። በፎጣ ጠቅልዪው፣ ጭንቅላቱ ብቻ ይውጣ፣ ጭንሽ ላይ በሆዱ ይቀመጥ። በጀርባው አታስተኚው! እንደ ሕፃን አቅፈሽ በጀርባው ካበላሽው ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከሆዱ ሕመም የባሰ ነው። ሲሪንጁን ፊት ለፊት አትግፊበት። ከፊት ጥርሶቹ ኋላ በጉንጩ በኩል ክፍት ቦታ አለ፣ በዚያ አስገቢና ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ግፊ፣ ከዚያ አቁሚ። ሲያኝክ ታዪዋለሽ፣ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ውጦ ሲጨርስ እንደገና። መጀመሪያ ላይ ይተፋዋል፣ ያንገራግራል፣ ፎጣሽም ልብስሽም አረንጓዴ ይሆናል። ተስፋ አትቁረጪ፣ ብዙዎቹ ትንሽ ቆይተው ጣዕሙን ይለምዱትና ሲሪንጁን ራሳቸው ይስቡታል። ስትጨርሺ አገጩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊለት፣ ካልተጠረገ ደርቆ ቆዳውን ያቆስለዋል።

ይሄን የምጽፍልሽ ከመጽሐፍ አይደለም። ያኔ ትንሽ ልጅ ሳለሽ የመጀመሪያዋ ጊኒ ፒግሽ ስትታመም አባትሽ ፎጣውን ይይዛል፣ እኔ ሲሪንጁን፣ አንቺ ደግሞ ፒጃማሽን እንደለበስሽ አጠገባችን ተቀምጠሽ ትዘፍኚላት ነበር። አባትሽ ከሌሊት ሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ "በላች?" ነበር የሚለው።

ድርቆሹን ከፊቱ እንዳታነሺ። በሲሪንጅ እየበላም ቢሆን ቲሞቲ ከሚባለው ሣር የተሠራው ድርቆሹ ሁልጊዜ አጠገቡ ይሁን፣ ሽታው ራሱ ይጠራዋል። አንድ ሰበዝ ድርቆሽ ራሱ አንስቶ ያኘከ ቀን ደውዪልኝ፣ የቱም ሰዓት ይሁን።

በየቀኑ መዝኚው። የኩሽና ሚዛን በግራም የሚያሳይ ግዢ፣ ውድ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ከመጀመሪያው ምግብ በፊት ይሁን፣ ወረቀት ላይ ጻፊው። ጸጉሩ ስለሚያታልል በዓይን አትፍረጂ። ትንሽ ወረደ ብለሽ አትደንግጪ፣ ግን በትንሽ ቀናት 50 ግራምና ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ ንገሪው። በጠጡንም ቁጠሪ፣ አትጠየፊው፣ ከሁሉ በላይ እውነቱን የሚነግርሽ እሱ ነው። ጤነኛው ሞላላ፣ እኩል እኩል፣ ብዙ ነው። አሁን ትንንሽ፣ ደረቅና ሹል ጫፍ ያለው ሆኖ ይሆናል። እያደገ ከመጣ አንጀቱ ተነስቷል ማለት ነው። ጭራሽ ከጠፋ ወይም ደግሞ ቀጥኖ ውኃ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ደግሞ ሆዱን በመዳፍሽ በቀስታ ዳስሺው። ለስለስ ካለ ደህና ነው። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከሆነ፣ ጆሮውና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ጸጉሩን አቁሞ ጥርሱን ካፋጨ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አታብዪው፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ውሰጂው። ጊኒ ፒግ ማስታወክ አይችልም፣ ስለዚህ የተነፋ ጨጓራ በራሱ የሚተነፍስበት መንገድ የለውም። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ "ጊኒ ፒግ የሚያይ ሐኪም አሁን አለ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ውሻና ድመት ብቻ የሚያዩ ብዙ ናቸው፣ እዚያ ሄደሽ ሰዓት እንዳታባክኚ።

ይሄን ደግሞ በትልቁ ያዢልኝ። ቤት ካለው መድኃኒት ምንም አትስጪው! በተለይ አሞክሳሲሊን። እንደምታውቂው ፋርማሲ ነው የምሠራው፣ የኛ ሰው አሞክሳሲሊን ላይ ያለውን እምነት በየቀኑ አየዋለሁ። ለጉንፋኑም፣ ለጥርሱም፣ ለሆዱም እሱ ነው፣ ከኮርሱ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ የማያስቀምጥ ቤት የለም። ለጊኒ ፒግ ግን በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን መርዝ ነው። ቅድም ያልኩሽን ሣሩን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይጨርስና መርዛማዎቹ እንዲፈሉ መንገድ ይከፍታል፣ ብዙውን ጊዜም ይገድላል። ለእነሱ የሚሆኑ ሌሎች አንቲባዮቲኮች አሉ፣ የሚመርጠው ግን ሐኪሙ ነው። ጊኒ ፒግ የማያውቅ ሐኪም እንኳን ቢያዝልሽ "ይሄ ለጊኒ ፒግ ይሆናል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። አይቡፕሮፌንና ታይሌኖልም (ፓራሲታሞል) እንዲሁ፣ አትሞክሪ። የሆዱን ጋዝ በተመለከተ ያልሽኝን የሕፃናት ጠብታም ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትጀምሪው።

ስለ ጥርሱ ሐኪሙ ምንም አልጻፈም። በሚቀጥለው ስትሄጂ የኋላ መንጋጋዎቹን በመሣሪያ እንዲያይልሽ ጠይቂው። የጊኒ ፒግ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፣ በድርቆሽ ካልተፋጨ የታች መንጋጋዎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ምላሱን ይይዙታል። እንዲህ ሲሆን መብላት እየፈለገ አይችልም። ምግቡ ጋ ሄዶ አሽትቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም አገጩ በምራቅ ከራሰ፣ ይሄንን ጠርጥሪ።

ቫይታሚን ሲ ደግሞ አለ። እንደኛው ሰውነታቸው ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም። በ1907 አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የሚባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ ሲያበሏቸው መርከበኞችን ይጨርስ የነበረው የስከርቪ በሽታ እንደያዛቸው አዩ፣ በኋላ ቫይታሚን ሲ እንዲገኝም መንገድ የከፈተው ይሄ ነው። እና አክስትሽ "ለአይጥ ይሄ ሁሉ ገንዘብ?" ስትልሽ አትዘኚባት፣ እንስሳው ለሰው ልጅ የዋለውን ውለታ ስለማታውቅ ነው። የታመመ ከጤነኛው የበለጠ ቫይታሚን ያስፈልገዋል፣ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ይበቃው እንደሆነ ጠይቂ። ውኃው ውስጥ ግን አትጨምሪው፣ ቶሎ ይበላሻል፣ የውኃውንም ጣዕም ስለሚቀይር መጠጣት ሊተው ይችላል። ሲሻለው የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ትሰጪዋለሽ፣ በሱ ይደሰታል።

ጓደኛውን፣ ሌላውን ጊኒ ፒግሽን ገብስን፣ ከሱ አትለዪው። "በሽታው እንዳይይዘው" ብለሽ ወደ ሌላ ክፍል ልትወስጂው አስበሽ ነበር፣ ግን ሐኪሙ የሚተላለፍ ነገር ነው ካላለሽ በቀር አብረው ይሁኑ። ለብቻው የሆነ ጊኒ ፒግ ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ አይበላም። ስዊዘርላንድ እኮ ከ2008 ጀምሮ ብቻውን ማሳደግ በሕግ ከልክላለች። ጓደኛው ሲበላ ማየቱ ራሱ ያነሳሳዋል። የማን በጠጥ የማን እንደሆነ ለመለየት ከፈለግሽ ለትንሽ ሰዓት በፍርግርግ ብቻ ለያቸው፣ እየተያዩ። ከበጠጡ አንዳንዱን ዞሮ ከሥሩ ሲበላው ካየሽም አትከልክዪው። ለስላሳውን ነው የሚበላው፣ ባክቴሪያዎቹ የሠሩትን ቫይታሚን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ሚኒያፖሊስ ብርዱ ከባድ ነው፣ ከመስኮቱ ሥር አንሺያቸው። ክፍሉ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርገሽ በፎጣ ጠቅልለሽ አጠገቡ አስቀምጪለት፣ ከሞቀው ራሱ እንዲርቅ ቦታ ተዪለት።

ከምን መጣ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። ቤት መቀየራችሁም ሊሆን ይችላል፣ የፔሌቱ (የተጨመቀው ደረቅ መኖ) ዓይነት በአንዴ መለወጡም፣ ጥርሱም። ሲሻለው አብረን እንፈልገዋለን። ለወደፊቱ ግን አዲስ ምግብ በቀስታ ነው የሚገባው፣ አሮጌውን እየቀነስሽ አዲሱን እየጨመርሽ። ጥቅል ጎመን ይቅርበት፣ ጋዝ ያበዛል። የአልፋልፋ ድርቆሽም ለግልገሎችና ላረገዙት ነው፣ ቡላ አድጓል።

አንቺም ብዪ። ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ የራበው ሰው ድምፅ ነበር። ፍሪዘሩ ውስጥ የላክሁልሽ ምስር አለ፣ እንጀራውም አለ። የክፍል ጓደኛሽ እረዳሻለሁ ካለችሽ አታፍሪ፣ የሌሊቱን አንዱን ዙር ስጫት፣ አያያዙን አንዴ አሳይተሻት። ፈተና ስላለሽ ለመምህርሽ ጻፊለት፣ ቤት ውስጥ ታማሚ አለብኝ ብትዪ ውሸት አይደለም።

አባትሽ ለሐኪሙ የከፈልሽውን ዛሬ ይልክልሻል፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ራጁ ይደገም ካሉሽም ገንዘቡን አስበሽ እንቢ አትበይ፣ ደውዪልን። የነገ ጠዋቱን ግራም ክፍል ከመግባትሽ በፊት ጻፊልኝ፣ በጠጡ ስንት እንደሆነም።

እናትሽ