የቀብር ነገር አስቀድሞ ይነገር

ክቡር አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ሰው ሲያርፍ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይፈጸማል። በእነዚህ ሰዓታት ሣጥን የሚገዛው፣ መኪና የሚከራየው ልቡ የተሰበረ ቤተሰብ ነው፤ በዋጋ ለመከራከር አቅም የለውም። ይህን አይተው ዋጋ የሚያንሩ መኖራቸው ያሳዝናል። እድርተኛ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ቀባሪውም ይደርስለታል። በኪራይ ቤት የሚኖረው፣ ለሥራ ከሌላ አገር የመጣውስ? እባካችሁ እድሮች፣ የመግቢያውን ክፍያ በየወሩ ከፋፍሎ የሚከፍል አባል ተቀበሉ፤ የሣጥንና የመኪና ዋጋም ከባለሱቆቹ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ወላጆቻችንንም እንጠይቃቸው። ዘጌ ተወልዶ ከተማ ያረጀ አባት ከዘመዶቹ ደብር ይረፍ ወይስ እዚሁ? ልጆች በለቅሶ መካከል በዚህ ሲጣሉ ማየት ያማል። ፈቃዳቸውን ጽፈው ለንስሐ አባታቸው ወይም ለእድሩ ጸሐፊ ቢሰጡ ጭቅጭቁ ይቀራል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር