ጨው ከድስቱ ይቀነስ፣ ገበታው ላይ ይቅረብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በባሕር ዳር ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ምግብ ጨው የሚበዛበት መሆኑ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታለፍና በጋዜጣችሁ እንደ ጤና ጉዳይ እንዲነሣ ለመጠየቅ ነው። ደም ግፊት እንዳለብኝ ሐኪም ከነገረኝ ወዲህ በቤቴ የሚሠራው ወጥ ጨው ተቀንሶለታል፤ ሥራዬ ግን ምሳዬን ውጭ እንድበላ ስለሚያስገድደኝ በቤት የተቆጠበው ሁሉ በአንድ ገበታ ይመለሳል። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና ተማሪውም ያው ነው፤ ምሳው ከምግብ ቤት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሲሆን በውስጡ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ሶዲየም አለ። ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ በደም ሥር የሚዘዋወረው ደም ይጨምራል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል፤ ይህ ለዓመታት ሲቆይ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለስትሮክም ይዳርጋል።

አስቸጋሪው ነገር ጨው ወደ ምግቡ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከጣና ዳር ዓሣ ቤቶች የአንዱን ማድ ቤት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ቅርፊቱ ተፍቆና ሆድ ዕቃው ወጥቶ ከታጠበ በኋላ ግራና ቀኝ ጎኑ በቢላ ይተለተላል፤ ጨው በየስንጥቁ ይታሻል፤ ከዚያም በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ሲቀርብ አጠገቡ ሚጥሚጣና አዋዜ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ጨው አለባቸው፣ ዳቦውም እንዲሁ። ጉላሽ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ማድ ቤቶች በኩብ የሚሸጠውን የመረቅ ቅመም ይጨምሩበታል፤ የዚህ ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው መሆኑን የሚያስታውስ ወጥ ሠሪ ብዙ አይመስለኝም። በጾም ቀን በየዓይነቱ ያዘዘም አያመልጥም፤ በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጁ ጨው የሚገባባቸው ስለሆነ ድስቱ ላይ የሚጨመረው በነበረው ላይ የሚደረብ ነው።

በአንድ ምግብ ቤት ዓሣ ጥብስ ሳዝዝ ጨው እንዲቀነስልኝ አስተናጋጁን ለመንሁት። «እሺ» ብሎኝ ሄደ፤ የመጣው ጥብስ ግን እንደ ወትሮው ነበር። ስጠይቀው ዓሣው ጠዋት ጨው ተደርጎበት የተቀመጠ ስለሆነ ምንም ማድረግ እንደማይቻል በትሕትና ነገረኝ። በአስተናጋጁ አልፈርድም፤ ትእዛዙን ቢያደርስም ወጥ ሠሪዋ ልትፈጽምበት የምትችልበት ሰዓት አልፏል። መስተካከል ያለበት የማድ ቤቱ አሠራር ነው።

ድስት ውስጥ የገባ ጨው አይወጣም፤ ገበታ ላይ ግን ይጨመራል። ስለዚህ ምግብ ቤቶቻችን የለመዱትን ጨው ቀንሰው እንዲሠሩ፣ ጨውን በየጠረጴዛው እንዲያስቀምጡ፣ ከጠዋቱ ዓሣም ጥቂቱን ጨው ሳይነካው ለይተው እንዲያቆዩ አሳስባለሁ። ባለቤቶቹ «ምግቡ አልጫ ሆነ» ብሎ ደንበኛ እንዳይሸሻቸው የሚሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጨው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ቢቀነስ ምላስ ይለምዳል፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ በእጃችን እያሉም ዓሣ ጣዕም አያጣም። የኒውዮርክ ከተማ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ 15 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች 2,300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሶዲየም ባለበት ምግብ አጠገብ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲያደርጉ አስገድዷል። እኛ ምግቡን በላቦራቶሪ እንለካ አልልም፤ የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ለጠየቀ ጨው ተቀንሶ ይሠራል» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ግን ወጪ የለውም።

ጨው ጨርሶ ይቅር ማለቴም አይደለም። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዘዘው እንቅርትን ለመከላከል ነው፤ የሚቀነሰው መጠኑ እንጂ አዮዲን ያለውን ጨው መጠቀም አይቀርም።

እንደኔ ደም ግፊት ያለባችሁ ተመጋቢዎችም ጥያቄያችሁን ምግቡ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ስታዝዙ ተናገሩ፤ ተሠርቶ ከቆየው ወጥ ይልቅ ስትደርሱ የሚሠራውን ምረጡ፤ አዋዜና ሚጥሚጣ ለብቻ ይቅረብላችሁ፤ መረቁንም በእንጀራ ጠርጋችሁ አትጨርሱ።

የከተማው ጤና ተቆጣጣሪዎች የማድ ቤት ንጽሕና ሲያዩ የጨውንም ነገር ከወጥ ሠሪዎች ጋር ቢነጋገሩበት መልካም ነው። ጋዜጣችሁም የምግብ ቤት ባለቤቶችን፣ ወጥ ሠሪዎችንና ሐኪሞችን አነጋግሮ በሚቀጥሉት እትሞች እንዲያቀርብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር