ከአንድ ጥሬ ፋይል ስለሚሠራ የኤችዲአር ፎቶግራፍ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

አንድ ጊዜ ብቻ ከተነሣ ፎቶግራፍ የኤችዲአር ምስል (በተለምዶ በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሡ ምስሎችን በማዋሃድ የሚሠራ፣ የደማቁም የጨለማውም ክፍል ዝርዝር አብሮ የሚታይበት ምስል) መሥራት ይቻላል ወይ እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ በጥድፊያ ከምንመልስ አሠራራችንንና በቅርቡ የተውነውን አንድ ልማድ በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ልከንላችኋል።

መልሳችን ይቻላል ነው፤ የምትልኩልን ግን ሮው የሚባለው፣ ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል መሆን አለበት። ጄፔግ የተባለው የተለመደ የምስል ፋይል ለእያንዳንዱ የቀለም ቻናል (ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ) 8 ቢት፣ ማለትም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 ደረጃዎች አሉት። በዚያ ላይ ካሜራው ጄፔጉን ሲያዘጋጅ ንጽጽሩንና የነጭ ሚዛኑን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ) በራሱ ወስኖ የቀረውን ስለሚጥለው፣ የተጣለውን እኛም ልናገኘው አንችልም።

የተውነው ልማድ ከአንድ ጥሬ ፋይል ሦስት ቅጂ ማውጣት ነው። አንዱን እንዳለ ትተን፣ ሁለተኛውን በሁለት ስቶፕ አጨልመን፣ ሦስተኛውን በሁለት ስቶፕ አድምቀን (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)፣ ሦስቱንም ለየብቻ የተነሡ ይመስል በሶፍትዌር እናዋህዳቸው ነበር። ውጤቱ ዓይን ይስብ እንደነበር አንክድም። ነገር ግን ሦስቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ስለሆኑ በጥሬው ፋይል ውስጥ ያልነበረ ምንም ነገር አይጨምሩም፤ በ8 ቢት ተቀምጠው ከሆነ ደግሞ የነበረውንም ይቀንሳሉ። አሁን ጥሬውን ፋይል በቀጥታ ከፍተን፣ የደመቀውን አውርደን ጥላውን አንሥተን፣ ሥራውን እስከ መጨረሻው በ16 ቢት እናካሂዳለን።

ነገሩን በአንድ ሥራ ብናሳያችሁ ይቀላል። አንድ ደንበኛችን መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የምታነብ ሴት ፎቶግራፍ ልከውልን ነበር። በጄፔጉ ላይ መጋረጃው ወረቀት የመሰለ ነጭ ነበር፣ የሴትዮዋም ፊት ጨልሟል። ጥሬውን ፋይል ከፍተን ደማቁን ክፍል በአንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ስናወርደው የመጋረጃው የክር ጥልፍ አንድ በአንድ ታየ። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ጠባብ ሰንጥቅ ግን ምንም አልወጣለትም፤ በዚያ ቦታ የሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ነጥቦች በቀዩም፣ በአረንጓዴውም፣ በሰማያዊውም እስከ አፋቸው ሞልተው ስለነበር፣ ብናወርደው ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ጥልፍ አይታይበትም። ፊቷን በሁለት ስቶፕ አንሥተን በጥሩ ሁኔታ ወጣ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ጥላ በአራት ስቶፕ ስናነሣው ግን ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ወረረው፤ ስለዚህ ጨለማውን ለጨለማ ትተንለታል።

ነጠብጣቡ የሚመጣው ጨለማው ክፍል ከመጀመሪያውም ጥቂት ብርሃን ስላገኘና የብርሃኑ መጠን ሲያንስ የሴንሰሩ የራሱ ኖይዝ (ከብርሃኑ ሳይሆን ከመሣሪያው የሚመጣ የተዛባ ምልክት) ጎልቶ ስለሚታይ ነው። የደረጃዎቹም አከፋፈል ለጨለማው አያደላም። ሴንሰር የሚመዘግበው ቁጥር ከብርሃኑ ጋር በቀጥታ ስለሚመጣጠን (ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ስለሚሆን)፣ ከ16,384ቱ ደረጃዎች ግማሹን፣ ማለትም 8,192ቱን፣ የመጨረሻው ደማቅ ስቶፕ ብቻውን ይወስዳል፤ ቀጣዩ 4,096 ያገኛል፤ እንዲህ በግማሽ እየወረደ ሲሄድ አሥረኛው ስቶፕ የሚደርሰው 16 ብቻ ነው።

ከአንድ በላይ ምስል የማጣመሩ ነገር ከኤችዲአር ስም በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጉስታቭ ለ ግሬ ሰማዩንና ባሕሩን አንድ ኔጋቲቭ አልችል ሲለው ሁለት ኔጋቲቭ አጣምሮ ያትም ነበር። የዛሬዎቹ ጥሩ ሴንሰሮች በዝቅተኛ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው የትብነት ቅንብር) ከ12 እስከ 14 ስቶፕ የሚደርስ የብርሃን ልዩነት ስለሚይዙ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ምት ይበቃል። የሚሮጥ ልጅ ወይም ነፋስ የሚያወዛውዘው ዛፍ ባለበት ቦታ ደግሞ አንዱ ምት ይመረጣል፤ ሦስት ምስሎች ሲዋሃዱ የተንቀሳቀሰው ነገር ጥላ መስሎ ይደራረባል። ፀሐይዋ ራሷ በምስሉ ውስጥ ካለች፣ ወይም ከጨለማ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የቀን ብርሃን ያለበትን ደጅ አብራችሁ የምታነሡ ከሆነ ግን፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጣችሁ በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት ሦስት ጊዜ አንሡ።

በአንድ ምት ስታነሡ ዝርዝሩ እንዲጠፋ የማትፈልጉትን እጅግ ደማቅ ክፍል መጠበቅ ይቅደም፤ ጥላውን እኛ እናነሣዋለን። ካሜራው የሚያሳያችሁ ሂስቶግራም (ጨለማውን በስተግራ፣ ደማቁን በስተቀኝ አድርጎ የምስሉን ብርሃን የሚያሳይ ግራፍ) ከጄፔጉ የተሰላ ስለሆነ፣ በስተቀኝ በኩል ጥቂት ቢነካ ጥሬው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ትርፍ ቦታ አለው፤ ትርፉ ከካሜራ ካሜራ ስለሚለያይ ግን በእርሱ ተማምናችሁ አትድፈሩ። ፋይሉንም ካሜራው እንዳስቀመጠው ላኩልን እንጂ ወደ ጄፔግ አትቀይሩት።

ስለ ስልቱም አንድ ነገር እንበል። በሕንፃ ጠርዝ ዙሪያ ሰማዩ እንደ ጸዳል የሚያበራበትን፣ ደመናው ሁሉ ብረት የሚመስልበትን አሠራር እኛ አንወደውም፤ ካልተነገረንም አንሠራውም። የምትፈልጉት ያ ከሆነ በትዕዛዛችሁ ላይ ጻፉልን፣ እንደ ፍላጎታችሁ እንሠራላችኋለን።

በቀድሞው የሦስት ቅጂ አሠራር የተሠራላችሁ ፎቶግራፍ ካለና ጥሬው ፋይል አሁንም በእጃችሁ ከሆነ፣ መልሳችሁ ላኩልን፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንሠራዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶግራፍ ማስተካከያ ክፍል