ዳንቴሉን ከሬዲዮው ላይ አንሱት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንዲት ደንበኛችን ከደብረ ሲና የአባታቸውን ባለ ቲዩብ ሬዲዮ፣ ማለትም ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ዕቃዎች ያሉትን የድሮውን ዓይነት፣ ይዘው መጡ። ስንት ዓመት ጓዳ የተቀመጠ ነው። ለበዓል አወጡት፣ አቧራውን ጠረጉለት፣ ሰኩት። ትንሽ እምምም አለ፤ ከዚያ ጭስ። እንዲህ ያለው ስለበዛብን ነው የምንጽፍላችሁ።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጥረው ቲዩቡን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የካፓሲተሩ፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ዕቃ፣ ነው። ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቀመጥ ይደክማል። ድንገት ሲበራ ሾርት ያደርግና ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። እኛ የቆየ ሬዲዮ የምናበራው የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በሶኬቱና በሬዲዮው መሀል አስገብተን ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። ስለዚህ ከጓዳ የወጣ ሬዲዮ ሳትሰኩ አምጡልን።

ብዙዎቹ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ከጀርባቸው 110፣ 127፣ 220 የሚል የቮልት መምረጫ አላቸው። 220 ላይ መሆኑን እዩ። ልጆች መነካካት ይወዳሉ።

አሁን ወደ ዳንቴሉ። ሬዲዮው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ያምራል፣ አንከራከርም። ግን መተንፈሻውን ይደፍነዋል። «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ምን ይሞቃል?» ትሉናላችሁ። ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ከላይም ከኋላም አንድ ስንዝር ክፍት ተዉለት። ረከቦቱም ራቅ ይበል።

ቲዩቡ ከላይ የሚታይ አምፕሊፋየር ያላችሁ፣ መስታወቱ ላይ ያለውን ብርማ ቅብ ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፣ አለቀለት። ሲበራ መሀሉ ላይ ፍም የመሰለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፣ ክሩ ነው። ዙሪያውን ያለው ቆርቆሮ ራሱ ከቀላ ግን ወዲያው ንቀሉት። ስትወለውሉ ጽሑፉን አትሹት። «ኢኤል 84» የሚለው ዓይነት የቲዩቡ መለያ ከጠፋ እኛም እንደናንተው ገማች ነን። ስፒከር ሳታገናኙም አታብሩት፤ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያሳልፈው የመውጫ ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል፣ እሱን ማግኘት ደግሞ መከራ ነው።

«ባልቦላው ተቃጠለ» የምትሉን አላችሁ። ጣሊያኖች ፊውዙንም ቲዩቡንም በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት፤ እኛ ጋ የቀረው ለፊውዙ ነው። የቱ እንደሆነ ንገሩን። ፊውዙ ከሆነ እባካችሁ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልላችሁ አትመልሱት።

መብራት ሲሄድ አጥፉት። ሲመለስ አንዳንዴ ኃይለኛ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ጋብ እስኪል ጠብቁ።

የኋላ ክዳኑን ግን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ እስከ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህ ነገር ሰው ይገድላል፤ እኛም በባዶ እጅ አንነካውም።

ከአንኮበርም ከሸዋ ሮቢትም የምትመጡ፣ ሬዲዮውን ፖርቶመጋላ ላይ አታስጭኑት። በጋቢ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ረዳቱ የዕቃ ሒሳብ ከጠየቀ እኛ እንቀንስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሬዲዮና ቴፕ ጥገና ሱቃችሁ
ደብረ ብርሃን